ሐረር ላይ ጅቡን የገደልን ጊዜ

ሐረርን አይታችሁ የማታውቁ ሰዎች ይህን ስታነቡ ስለ ግንቡ፣ ስለ በሮቹና ስለ ታሪኩ እንድነግራችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አትጠብቁ። ስለዚያ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ የሄድኩት ጅብ ሆኜ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይለኛል፤ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው መተረክ ስለታከተኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጀራዬ መርካቶ የቧንቧ ዕቃ መሸጥ ነው። ቁመቴ ረጅም ነው፤ ከዚህ በቀር ለትወና የሚሆን ይህ ነው የሚባል ነገር የለኝም። ጓደኛዬ ኤርሚያስ «የገደሉ ጅብ» የሚል አስፈሪ ፊልም ሲሠራ፣ ቀን ሰው ማታ ጅብ የሚሆነውን ቡዳ እንድጫወት የመረጠኝ በዚሁ ቁመቴ ነው። ልብሱን ከአሮጌ ምንጣፍና ከፍየል ቆዳ ራሱ ሰፋው፤ ጭንቅላቱን ከካርቶንና ከሙጫ ሠራው። ውስጡ ምን ምን እንደሚል አልነግራችሁም። ፊልሙ አዲስ አበባ ሲታይ ሕዝቡ ሳቀ። ፈገግ አለ ማለቴ አይደለም፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ከገደሉ ወጥቼ ሳገሣ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ምንጣፉን አራግፉት እንጂ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የፊልሙን ድምፅ የሰማ ሰው የለም።

ኤርሚያስ ሐረር ተወልዶ ያደገ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደህና ሥራ ነበረው፤ ለዚህ ፊልም ብሎ ለቀቀ። እናቱ እትዬ አስካለ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ሲደውልላቸው ጤናውን ይጠይቁና ይዘጋሉ። ስለ ፊልሙ ትንፍሽ አይሉም። በመጨረሻ እናትና ልጅ አንድ ስምምነት አደረጉ። ኤርሚያስ ፊልሙን ሐረር ወስዶ እሱንም እሳቸውንም በሚያውቅ ሕዝብ ፊት ያሳያል። ሰው ከፈራ፣ እሳቸው ሁለተኛ ስለ ላቦራቶሪ አያነሡበትም። ሰው ከሳቀ፣ ሐረር ውስጥ አንድ ሆስፒታል ክፍት ቦታ አለ፤ እትዬ አስካለ ኃላፊውን አነጋግረው ጨርሰዋል፤ ኤርሚያስ ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋውን ይለብሳል። «ካሜራም ሁለተኛ በእጄ አልነካም» የሚለውን የጨመረው ራሱ ነው፤ ተናዶ።

ረቡዕ

ገና ሳይነጋ ተነሣን። ልብሱን በሻንጣ አድርገን ከአውቶቡሱ ሆድ ከተትነው። ጭንቅላቱ ግን እንዳይጨፈለቅ ስለተፈራለት በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ እኔ ጭን ላይ ተቀመጠ። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት ወደ አንሶላው እያዩ «ተኝቶልሃል፤ እግዜር ያሳድግልህ» አሉኝ። ማስረዳቱ ረጅም መሰለኝና «አሜን» አልኩ። ያቺን አሜን ባልላት ኖሮ ጉዟችን ሰላማዊ ይሆን ነበር። አዳማ አካባቢ ሙቀቱ ሲበረታ ሴትዮዋ ለሕፃኑ አዝነው፣ አየር እንዲያገኝ ብለው የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ።

ሾፌሩ ጩኸቱን ሲሰማ መኪናውን ጥግ አስያዘ። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ረዳቱ ሲቆጣ፣ ተሳፋሪው ሲንጫጫ፣ ኤርሚያስ ከኋላ ወንበር ፊቱ በርቶ ይመለከታል። ሥራው ሰው ሲያስፈራ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ጭንቅላቱ ወደ አውቶቡሱ ሆድ ወረደ። ሴትዮዋ ግን ቂም አልያዙም፤ ትንሽ ቆይተው «ድንጋጤ ያስርባል» አሉና የዳቦ ቆሏቸውን ፈትተው ለሁለት ከፈሉት። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ እስከ ቤቴ ድረስ እየሰደቡ ይሸኙኝ ነበር።

አዋሽ ላይ ፍተሻ አለ። ፈታሹ አንሶላውን ገልጦ ጭንቅላቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጅብ ነው። ማለቴ የፊልም ነው።»

«ማነው የሚለብሰው?»

«እኔ።»

«ልበሰውና ልየው።»

የአዋሽን ሙቀት ለማታውቁ፣ ጋቢ ተከናንቦ ከሚነድ ምድጃ አጠገብ መቀመጥ ማለት ነው። አስፋልቱ ዳር ምንጣፉን ለበስኩ፣ ጭንቅላቱን አጠለቅኩ፣ ዞር ዞርም አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አነሣኝ። ፈታሹ ዙሪያዬን ሄዶ ሲያበቃ «ሂዱ» አለ፤ ቀጥሎም «ጅብ ግን አይመስልም» ብሎ ጨመረበት። ልብሱን መልሰን ስንጭን ደግሞ የዕቃ መጫኛው በር ጭራውን ያዘው። ያየነው ጭሮ ለምሳ ስንወርድ ነው፤ ግማሹ የለም።

ከጭሮ በኋላ መንገዱ ተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል። ግማሹ ተሳፋሪ ያስታውካል፣ ግማሹ ላስቲክ ያቀብላል፤ ማንም ማንንም አይጠየፍም። አወዳይ ስንደርስ ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ» ብሎ ቆመና ባሱ ባዶውን ቀረ። ሁሉም ጫቱን በእቅፉ ይዞ ሲመለስ ሲታይ ደን የተሳፈረ ይመስላል። አምስቱ ደቂቃ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሐረር የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ኤርሚያስ አቦከር ሰፈር ወዳለው የእናቱ ቤት ሄደ። እኔ ጀጎል ውስጥ እማማ ዘይነባ ዘንድ አደርኩ። እማማ ዘይነባ የእትዬ አስካለ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቤታቸውን ፎቅ ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። በሩ ላይ ግንባሬን መታሁ። እዚያ በቆየሁባቸው ቀናት ሁሉ ያንኑ በር ያንኑ ግንባር መትቼዋለሁ፤ እሳቸውም በመታሁ ቁጥር ይቅርታ ሲሉ «አፉ» ይሉኛል፣ በሩን እኔ የመታሁት ሳይሆን በሩ እኔን የመታኝ ይመስል።

ሐሙስ

የአደሬ ቤት ውስጡ እንደኛ ሳሎን አይደለም። አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ ዙሪያውን ከፍና ዝቅ ያሉ ቀያይ መደቦች አሉት፤ ግድግዳው በሳህንና በሰፌድ ተሞልቷል። እኛ ቤት እንግዳ ሶፋው ላይ ባገኘው ቦታ ይዘረጋል። እዚህ እያንዳንዱ መደብ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ እኔም ሄጄ የተቀመጥኩት የቤቱ ትልቅ ሰው ቦታ ላይ ኖሯል። እማማ ዘይነባ ሳያሳፍሩኝ «ልጄ፣ እዚህ ነፋስ ይመታሃል፤ ወደዚህ ውረድ» አሉኝ። ነፋስ እንዳልነበረ የገባኝ ማታ ነው።

ቁርስ ፈጢራና ሆጃ ቀረበልኝ። ሆጃ የቡና ቅጠል ከወተት ጋር ተፈልቶ ጨው የሚገባበት ነው። ጨው እንዳለው አላወቅኩም፤ ስኳር ጨመርኩበት፤ ጠጣሁት፤ ፊቴን ለመሰብሰብ ታገልኩ። እማማ ዘይነባ አይተውኝ፣ «ጨውም ጥሩ ነው፣ ስኳርም ጥሩ ነው፤ አንድ ላይ ግን ወላሂ አልሞከርነውም» አሉና ሌላ ቀዱልኝ።

ከቁርስ በኋላ ጭራው የተቆረጠውን ልብስ ይዤ ልብስ ሰፊዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ መኪና ግርግር ሄድኩ። ልብሱን ዘርግቼ ችግሬን ብናገር አንዱ ሰፊ «ይኼ የአህያ ጭራ ነው» አለ። ጎረቤቱ «የውሻ ነው» አለው። ሦስተኛው ተነሥቶ መጣ። ለእኔ ሥራ ፈትተው ስለ ጅብ ጭራ ርዝመትና ጸጉር ተከራከሩ፤ አንዱ ከአንዱ ጋር አልተስማማም፤ በመጨረሻ ከአሮጌ ጃኬት አንገት ላይ በተቀደደ ጸጉር አዲስ ጭራ ሰፍተው ሰጡኝ። ጥሩ ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል።

አመሻሹ ላይ ከእማማ ዘይነባ ጋር ከገበያ ስንመለስ ያየሁትን ግን ሳልጽፍ አላልፍም። እኔ ስሙ በፖስተር የወጣ ጅብ፣ በሕይወቴ ጅብ አይቼ አላውቅም ነበር። ጠባብ መንገድ ላይ ነን፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከፊታችን አንድ ነገር እያነከሰ መጣ። አንድ ትልቅ ውሻ መሰለኝ። ከዚያ ጀርባውን አየሁት። የማላውቀው ሰው ግቢ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ እስካሁን አላውቅም፤ የግቢው ሰዎች ግን «መርሐባ» ብለው ወንበር ሰጡኝ። እማማ ዘይነባ ዘንቢላቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው ጅቡን አሳለፉት፤ በቋንቋቸው አንድ ሁለት ቃልም ተናገሩት።

«ምን አሉት?» አልኳቸው ስወጣ።

«በሰላም ግባ ነዋ። ላንተስ እንደመጣህ አላልኩህም?»

ዓርብ

ምሳ እትዬ አስካለ ቤት ተጠራሁ። እትዬ አስካለ አጠር ያሉ፣ ንጹሕ ነጠላ የለበሱ፣ ሲያዩ ዓይናቸውን የማይነቅሉ ሴት ናቸው። የጾም በያይነቱ አቅርበው ደጋግመው አጎረሱኝ። ኤርሚያስ ፊት ለፊታችን አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ግድግዳው ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ የተነሣው የምረቃ ፎቶው ተሰቅሏል።

«አንተ ነህ ጅቡ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«አዎ እትዬ።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

ምንም ሳልነግራቸው የመጣሁትን እናቴን አሰብኩና ወጡን አየሁት። እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲያ ስለ ፊልሙ አልጠየቁም። ስለ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስላላገባሁበት ምክንያት ጠየቁ። ስሸኝ ኤርሚያስ በር ድረስ ተከትሎኝ ወጣ። «ጋውኑን እማዬ በካውያ ተኩሳ አስቀምጣዋለች» አለኝ። «ትናንት ቁም ሣጥን ውስጥ አየሁት።» ይህን ሲናገር ድምፁ እንደ ልጅ ነበር፤ በጣም አዘንኩለት፤ ማጽናኛ ስላጣሁ ስለ ጭራው አጫወትኩት።

ቅዳሜ

ፊልሙ የታየው አቦከር ባለ አንድ የሠርግ አዳራሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት እንዳለቀ። መጋረጃው መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም፤ ግድግዳው ላይ በወርቃማ ወረቀት የተቆረጠ «እንኳን ደስ አላችሁ» አልተነሣም ነበር። አዳራሹ ሞላ። የኤርሚያስ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ ጎረቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ መጡ። እትዬ አስካለና እማማ ዘይነባ ከፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መሐላቸው ኦቾሎኒ ያለበት ላስቲክ አለ። እኔና ኤርሚያስ ከኋላ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን፤ ለማምለጥ እንዲመች።

ታሪኩን ላላያችሁት፣ ማለትም ለሁላችሁም፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ መንደር አለ። ቀን ሸማኔ፣ ማታ ጅብ የሚሆን ቡዳ አለ፤ እሱ እኔ ነኝ። ጽጌ የምትባል ልጅ አለች። ጅቡ አንድ ክፉ መንፈስ ልኮ ልጅቷ ውስጥ ያስገባባታል። መንፈሱ ጭስ ነው፤ ከካሜራው ኋላ እርጥብ ገለባ አንድደን የሠራነው። ከዚያ ጅቡ ራሱ ሊበላት ይመጣል። ጀግናው በሩን ሰብሮ ገብቶ ጅቡን በጦር ይገድላል፤ ልጅቷ ፈገግ ትላለች፤ አለቀ።

ገና ከገደሉ ስወጣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኤርሚያስ ዓይኑን ጨፈነ። ግን የአዲስ አበባው ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ጎልማሳ «አቦ ና፣ ና፣ ግባ» ብሎ በስሙ እንደሚያውቀው ሰው ጠራኝ። ስሄድ «እግሩን ተመልከቱት፣ እንደ ግመል ነው የሚረግጠው» ተባለ። ሳገሣ አንዱ «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ትክክለኛውን የጅብ ጥሪ ከጉሮሮው አወጣው፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሌላ ጥግ ሌላው መለሰለት። ለጥቂት ጊዜ ፊልሙን ትተው እርስ በርስ ተጠራሩ። የመንደሩ ሰዎች ችቦ ይዘው ሲያሳድዱኝ ደግሞ ሕዝቡ ከእኔ ጋር ወገነ። «በጓሮ ዙር» ይለኛል። «ኸረ ተዉት፣ ምን አደረጋችሁ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደገፍኩበት ቀን የለም።

«አለቀልኝ» አለ ኤርሚያስ። «ወደዱህ።»

ቀጥሎ ጭሱ ወደ ጽጌ ገባ። ሳቁ ቀነሰ። ከሴቶቹ ወገን «አዑዙ ቢላህ» የሚል ሰማሁ፤ ከክርስቲያኖቹ ወገን አማተቡ። እኔ በጎጆው በር ብቅ ስል አዳራሹ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀ። አጨበጨቡልኝ። «ደረሰላት፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ ዘይነባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ ልበላት ነው የገባሁት። ያኔ ጀግናው በሩን ሰብሮ ገባና በጦር ወጋኝ። ወደቅኩ። ጽጌ ወደ ካሜራው ዞራ ፈገግ አለች። ጽሑፉ መውጣት ጀመረ።

አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንድም ሰው አላጨበጨበም። መብራቱ ሲበራ ሁሉም ልጁን በእጁ ይዞ፣ እርስ በርሱ ሳይነጋገር ወጣ። ልብስ ሰፊው በአጠገቤ ሲያልፍ በሐዘን አየኝና «ጅቡን ለምን ገደላችሁት?» ብሎኝ ሄደ። እትዬ አስካለም በኤርሚያስ ፊት ሳይቆሙ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። አዲስ አበባ ቢያንስ ስቀው ነበር የወጡት። ኤርሚያስ ገመዶቹን እየጠቀለለ «ሰኞ ጠዋት እገባለሁ» አለ። የአንዱን ገመድ ጫፍ ያዝኩለት።

ማደሪያዬ ስደርስ ግንባሬን መትቼ ገባሁ። እማማ ዘይነባ «አፉ» አላሉኝም። የቤቱን አምፖል ሁሉ አብርተው የሌሊት ልብሳቸውን በፌስታል እየከተቱ ነው።

«ዛሬ ልጄ ቤት ነው የማድረው» አሉኝ። «አንተም ብትመጣ ይሻላል። ያቺ ልጅ አሁን የት ናት?»

«የቷ ልጅ?»

«ጂኒው ያለባት ነዋ።»

«አዲስ አበባ ናት፤ ባንክ ቤት ትሠራለች» አልኳቸው።

«ያ ረቢ» አሉና ቁጭ አሉ። «የሰው ገንዘብ ያስቆጥሯታል?»

ያኔ እንዲያብራሩልኝ ለመንኳቸው። ሐረር ውስጥ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር እኔና ኤርሚያስ ጅብ ፊልም ስንሠራ አላሰብነውም፤ እሱ እንኳ ለረጅም ዓመት አዲስ አበባ ኖሮ፣ የኛን የቡዳ ወሬ ሰምቶ፣ ያደገበትን ረስቶታል። እዚህ አገር ጅብ ጂኒ ይበላል። ማታ በግንቡ ሽንቁር የሚገባው ለዚያ ነው፤ ሲጮኽም ጂኒ ዋጠ ይባላል። ስለዚህ ሕዝቡ ያየው ፊልም የእኛን አይደለም። እነሱ ያዩት፣ አንዲት ምስኪን ልጅ ጂኒ ሲገባባት፣ ጅብ ሊያድናት ሲመጣ፣ አንድ የማያውቅ ሰው ሮጦ ገብቶ ጅቡን ሲገድልባት ነው። ጂኒው ውስጧ ቀረ። ጭሱ ሲወጣ ደግሞ አላሳየንም፤ ያን ቀን ገለባው ስላለቀብን አልቀረጽነውም።

«መጨረሻ ላይ የሳቀችውስ» አሉ እማማ ዘይነባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሷ መሰለችህ?»

ጸጉሬ ቆመ። ያን ፈገግታ ስንቀርጽ እዚያው ነበርኩ፤ ልጅቷ ፈገግ ያለችው ምሳ ደርሷል ስለተባለች ነው። ሆኖም ከእማማ ዘይነባ ጋር ልጃቸው ቤት ሄጄ አደርኩ።

እሑድ

ጠዋት ሮጬ አቦከር ደረስኩ፤ ለኤርሚያስ ፈርተዋል፣ አሸንፈሃል ልለው። እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቁርስ ላይ ናቸው። አፌን ሳልከፍት ኤርሚያስ ንግግር ጀምሮ ነበር።

«እማዬ፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። ነገ ጠዋት እገባለሁ። ካሜራውንም ለሚፈልገው እሰጣለሁ። አሸንፈሻል።»

እትዬ አስካለ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሌሊቱን እንዳልተኙ ያስታውቃል።

«ልጅቷስ?» አሉት።

«የቷ ልጅ?»

«ጽጌ። እንደዚያ ትተሃት ልትሄድ ነው?»

«ፊልም ነው እኮ እማዬ።»

«ፊልም መሆኑን አጣሁት? ሰውን ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ከትተህ፣ ያን እርኩስ ሆዷ ውስጥ ትተህ ጋውን ልትለብስ ነው? ማን ነው እንዲህ ያሳደገህ? ሥራ ይጀመራል፣ ይጨረሳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ በጦር ሲወጉህ ዝም ብለህ ታያለህ?»

«ጦሩ የውሸት ነበር እትዬ» አልኩ።

ኤርሚያስ መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ማታ የሰማሁትን ነገርኩት፤ እማማ ዘይነባ ልጃቸው ቤት ማደራቸውን፣ አምፖሉን ሁሉ ነገርኩት። ሲገባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁትም፤ ሁለቱንም ይመስለኛል። እትዬ አስካለ ግን ጊዜ አልሰጡትም። ከሰዓት በኋላ እማማ ዘይነባን አስጠሩና ሁለቱ ተቀምጠው መጨረሻውን ጻፉት። የሞተው ጅብ ይነሣ ሲባል እትዬ አስካለ «ከሞት የሚነሣ አንድ ነው፤ ጅብ አላስነሣም» አሉ። እማማ ዘይነባ «ጅብ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ሌላ ይምጣ» አሉ። ተስማሙ። ኤርሚያስ በመካከል አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ሞክሮ ነበር፤ ሻይ እንዲያመጣ ላኩት።

ሰኞ

አዲሱ መጨረሻ የተቀረጸው እማማ ዘይነባ ቤት ነው። ቀን ነው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ሌሊት አደረግነው። እርጥብ ገለባ ተገኘ። ሁለተኛው ጅብ ያው እኔ ነኝ፤ በአዲሱ ጭራ። ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ አረማመዴን ያርመኛል። የቀረን ነገር ጽጌ ብቻ ናት። ልጅቷ አዲስ አበባ ናት፤ ስለዚህ አንዲት ሴት ጀርባዋን ለካሜራ ሰጥታ በነጠላ ተከናንባ ብትቀመጥ ይበቃናል። አንዲት ሴት ግን አልተገኘችም። ጂኒ ያለባት ሆኖ መቀመጥ ለቀልድም አይሆንም አሉ። እማማ ዘይነባ እንኳ ቤታቸውን፣ ገለባቸውንና ምሳቸውን ሰጥተው፣ ያን ግን «አስተግፊሩላህ» ብለው እምቢ አሉ። ኤርሚያስ በላብ ተጠምቆ ቆመ። አንዱን ወንድ እናከናንብ ሲል ነው እትዬ አስካለ ከመደቡ የተነሡት።

ሦስት ጊዜ አማተቡ። ሄደው ቦታው ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ።

«እማዬ፣ ግድ የለም፣ እንዲህ አታድርጊው» አለ ኤርሚያስ።

«ጭሱን ልቀቅ» አሉት።

ጭሱ ተለቀቀ። እኔ ከበሩ ሥር በአራት እግሬ እየተሳብኩ ገባሁ። ከካርቶኑ ጭንቅላት ውስጥ የሚታየኝ የእሳቸው ጀርባ ብቻ ነው፤ ትንሽ ጀርባ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። እውነት ፈርተው ነበር። ፈርተው ተቀምጠዋል። ልክ አጠገባቸው ስደርስ ከነጠላቸው ሥር ስልክ ጮኸ። ኤርሚያስ ካሜራውን ከፊቱ አወረደ። እትዬ አስካለ ስልኩን አውጥተው በነጠላው ውስጥ ጆሯቸው ላይ ያዙት፤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ነበር፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማኛል፣ ልጁ ለምን እስካሁን እንዳልመጣ ይጠይቃል።

«ኤርሚያስ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «አይመጣም። ሥራ ላይ ነው።»

ስልኩን ዘጉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።